«ኡስቴድ» እና «እርስዎ» አንድ ናቸው? በስፓኒሽ ስለ ሰላምታና ስለ አክብሮት አጠራር

ማድሪድ ነዋሪ፦

ጤና ይስጥልኝ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። ማድሪድ ከገባሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ደግሞ የ84 ዓመት እናት በቤታቸው ውስጥ እየተንከባከብኩ አብሬያቸው እኖራለሁ። ስፓኒሽ መማር የጀመርኩት አገር ቤት ሳለሁ ነው፤ የመማሪያው መጽሐፍ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ «ቱ ማለት አንተ ወይም አንቺ ነው፤ ኡስቴድ ማለት እርስዎ ነው» ብሎ ነገሩን ዘግቶት ነበር። ከሁሉ የቀለለኝ ትምህርት ያ ነበር፤ ትልቅ ሰውን እርስዎ ማለት አፌን የፈታሁበት ነገር ስለሆነ አዲስ የምለምደው ያለ አልመሰለኝም።

ችግሩ የመጣው አሁን ነው። እኚህ እናት ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ቱቴያሜ፣ ሙኼር» አሉኝ፤ አንቺ በዪኝ እንጂ ማለታቸው ነው። እሺ ብዬ በማግስቱ አፌ እንደለመደው ኡስቴድ አለ። ደጋግመው ነገሩኝ፤ እኔም ደጋግሜ እሺ አልኩ፤ ግን አልሆነልኝም። ባለፈው ሳምንት ቁርስ ላይ የተጠበሰ ዳቧቸው ላይ የወይራ ዘይት እያፈሰስኩ «ኪዬሬ ኡስቴድ ማስ ካፌ?» ብዬ ቡና ልጨምር ብጠይቃቸው ማንኪያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ቆይተው «ስምንት ወር አብረን ኖረን እኔ ለአንቺ አሁንም እንደ ባንክ ቤት ሠራተኛ ነኝ?» አሉኝ። ያከበርኳቸው መስሎኝ አስከፋኋቸው።

በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ይዣቸው ስሄድ የልጅ ልጃቸው የሚሆን ወጣት ሐኪም ያለ ምንም ማዕረግ በስማቸው ጠርቶ «ኬ ታል ኤስታስ?» አላቸው፤ በቱ እንዴት ነሽ ማለቱ ነው። እኔ ስለ እሳቸው አፈርኩ፤ እሳቸው ግን ፈገግ ብለው መለሱለት። ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ መጽሐፉ እንዳለው ኡስቴድ በእርግጥ እርስዎ ማለት ነው? ከሆነስ ስለ ምን ያስከፋል? ካልሆነ ደግሞ እኔ አያቴን በምታህል ሴት ፊት እንዴት አድርጌ አንቺ ልበል?

አስተርጓሚው፦

እህቴ፣ መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ግን ሁለቱ ቃላት የሚገናኙበትን ብቻ ነግሮዎ የሚለያዩበትን ሳይነግርዎ ቀርቷል። ከሚገናኙበት ልጀምር፤ እንደ አማርኛ ተናጋሪ ደስ የሚያሰኝ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ።

ኡስቴድ የመጣው «ብዌስትራ ሜርሴድ» ከሚለው አጠራር ነው፤ «ቸርነትዎ» ወይም «ጸጋዎ» እንደማለት ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት ሰው በአፉ እያሳጠረው፣ እያሳጠረው ኡስቴድ ሆነ። በዚህ ምክንያት ነው ኡስቴድ ሁለተኛ መደብ ሆኖ ሳለ ግሱ የሦስተኛ መደብ የሆነው፤ የሚነገረው ለሰውየው ሳይሆን ለቸርነቱ ነበርና። አሁን ወደ እኛ ቋንቋ ይመለሱ። «እርስዎ» የሚለው ቃል ሥሩ «ርእስ» ወይም «ራስ» ነው፤ እኛም በአክብሮት የምናነጋግረው ሰውየውን ሳይሆን ራሱን ነው። ግሱንም ይመልከቱ፦ «እርስዎ ይሄዳሉ» እና «እነሱ ይሄዳሉ» በግሱ አይለያዩም። ትእዛዙ ደግሞ ይበልጥ ይመሳሰላል። ለቅርብ ሰው «ግቢ፣ ተቀመጪ» ብለን ለትልቅ ሰው «ይግቡ፣ ይቀመጡ» እንደምንል ሁሉ፣ ስፓኒሽም ለቅርብ ሰው «ፓሳ፣ ሲዬንታቴ» ብሎ ለኡስቴድ «ፓሴ፣ ሲዬንቴሴ» ይላል። ሁለቱም ቋንቋዎች በቀጥታ ማዘዝን ትተው «ይሁን፣ ይደረግ» በሚል መልክ ይናገራሉ። ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሕዝቦች በአንድ መንገድ አስበዋል።

የሚለያዩት በሚለኩት ነገር ነው። እርስዎ በዋናነት የሚለካው ዕድሜንና ክብርን ነው፤ አንድን አዛውንት ሃምሳ ዓመት ቢያውቋቸውም እርስዎነታቸው አይቀርም፤ ቅርበት አይሽረውም። የዛሬው የስፔን ኡስቴድ ግን በዋናነት የሚለካው ርቀትን ነው። ለማያውቁት ሰው፣ ለፖሊስ፣ ለዳኛ፣ በሱቅ ውስጥ ለሸመገለ ደንበኛ ይባላል፤ ትውውቁ ሲጠና ይወርዳል። እናም ስምንት ወር አብሮ የኖረ ሰው ኡስቴድ ሲል በስፔናዊ ጆሮ የሚሰማው «አከብርዎታለሁ» ሳይሆን «ገና አልቀረብኩዎትም» ነው። እኚህ እናት የባንክ ሠራተኛን የጠቀሱት በከንቱ አይደለም፤ የነገሩን ልክ በትክክል ነግረውዎታል።

አንድ ነገር ልጨምር። እርስዎ ስለ እኚህ እናት ሲጽፉልን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «እሳቸው» እያሉ ነው፤ እኔም ተከትዬዎታለሁ። በስፓኒሽ ግን በሌሉበት ስለ እሳቸው ሲወራ «ኤያ» ብቻ ነው፤ ስለ ሦስት ዓመት ሕፃንም «ኤያ» ነው። በሌለ ሰው ላይ የሚደረግ አክብሮት በግስ አይገለጽም፤ እንደ እኛ ወይዘሮ ባሉት በ«ዶኛ» ወይም በ«ሴኞራ» ነው የሚገለጸው። የእኛ ተማሪዎች ስለ መምህራቸው ሲያወሩ ግሱን ወደ ብዙ ቁጥር ለውጠው «መምህሩ መጡ» እንደሚባለው ሊሉ ሲሞክሩ ሰሚው «እነማን ናቸው የመጡት?» ብሎ ይጠይቃል።

ነርሷ ከባሌንሲያ፦

የአስተርጓሚውን ማብራሪያ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ስለ ወጣቱ ሐኪም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እኔ በሆስፒታል የምሠራ ነኝ፤ እህታችን የተሰማት እፍረት ያለ ምክንያት አይደለም። በስፔን አንቺ መባባል በጣም የተስፋፋው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ አገሪቱ ከፍራንኮ አገዛዝ ወጥታ ወደ ዲሞክራሲ ስትሸጋገር ነው ብለው ትልልቆቹ ይነግሩኛል፤ ብዙዎቹም በደስታ ነው የሚያወሩት፤ ኡስቴድ የአለቃና የሎሌ ጊዜ ያስታውሳቸዋልና። ይህ ማለት ግን ማንም ሰው የማያውቀውን የ80 ዓመት በሽተኛ በስሙ ጠርቶ ቱ ይበል ማለት አይደለም። ፈቃዱን የሚሰጠው ትልቁ ሰው ነው። እኚህ እናት ለእህታችን ፈቃድ ሰጥተዋል፤ ለሐኪሙ አልሰጡም፤ ፈገግ ማለታቸው የደግነታቸው ነው።

እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ልናገር። በመጀመሪያው የሥራ ዓመቴ አንዲትን በሽተኛ በእኛ ልማድ እማማ ለማለት ፈልጌ «አብዌላ» አልኳቸው፤ አያቴ ማለት ነው። ፊታቸው ተለወጠ፤ «እኔ የአንቺ አያት አይደለሁም፤ ስም አለኝ» አሉኝ። በእኛ አገር መንገድ ላይ ያገኘናትን ሴት እማማ ብንል ቤተሰብ አደረግናት፤ በዚህ አገር ሆስፒታል ውስጥ አብዌላ የሚለው ቃል ስማቸውን ነጥቆ እርጅናቸውን ብቻ ያስቀራል። «ቲዮ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ትርጉሙ አጎት ነው፤ ጋሼ ለማለት ፈልጎ ማድሪድ ላይ የማያውቁትን ትልቅ ሰው ቲዮ ማለት ግን እኩዮች ሰፈር ውስጥ «አንተ ሰውዬ» እንደሚባባሉት ነው የሚሆነው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ በሽተኛ ሲመጣ በኡስቴድ እጀምርና «ኮሞ ኪዬሬ ኬ ሌ ያሜ?» እላለሁ፤ እንዴት ብዬ ልጥራዎት እንደማለት ነው። አንዱ «ዶን» ብለሽ በስሜ ጥሪኝ ይላል፤ ሌላው ቱ በዪኝ ይላል። ዶንና ዶኛ ከመጠሪያ ስም ጋር ነው የሚሄዱት፤ ሴኞርና ሴኞራ ደግሞ በብዛት ከቤተሰብ ስም ጋር ነው። እኛ አቶንና ወይዘሮን ሁልጊዜ ከራስ ስም ጋር ስለምንጠራ «ሴኞር ካርሎስ» ማለት ይቀናናል፤ ለጆሯቸው «ዶን ካርሎስ» ነው የሚጥመው።

ስለ ሰላምታም አንድ ነገር ልበል፤ አስፈላጊነቱ ከኡስቴድ አያንስም። እዚህ አገር የሐኪም መጠበቂያ ክፍል የሚገባ ሰው ማንንም ሳያውቅ ለተቀመጡት ሁሉ «ብዌኖስ ዲያስ»፣ እንደምን አደራችሁ ብሎ ይገባል፤ ሲወጣም «አስታ ሉዌጎ» ብሎ ይወጣል። «አስታ ሉዌጎ» እስከ በኋላ ማለት ቢሆንም ዳግመኛ ላያገኘው ሰውም ይለዋል። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ «ብዌናስ ታርዴስ»፣ እንደምን ዋላችሁ ብዬ «ብዌኖስ ዲያስ» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ፤ ለብዙ ስፔናዊ ከሰዓት የሚጀምረው ምሳ ሲበላ ነው፤ ምሳቸው ደግሞ 8 እና 9 ሰዓት ላይ ነው።

የኩባው ተማሪ፦

ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜ ከሁላችሁም የምበልጥ ስለሚመስለኝ አንቺና አንተ ብዬ ብጠራችሁ ቅር አይበላችሁ። ስፓኒሽን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት አባቶቻቸውን ካጡት ልጆች ጋር በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኩባ ተልኬ፣ ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ በሚባለው ደሴት ላይ ነው ያደግኩት። ግማሹን ቀን ክፍል ውስጥ እንማራለን፤ ግማሹን ቀን ብርቱካን የሚመስል ትልልቅ ፍሬ፣ «ቶሮንኻ» የሚሉትን (ግሬፕፍሩት)፣ ከእርሻው እንለቅማለን። ስፓኒሽ ወደ ጆሮዬ የገባው ከቶሮንኻው ጋር ነው።

ኩባ ከ1959 እ.ኤ.አ. አብዮት በኋላ ሴኞር የሚለውን ቃል ገሸሽ አድርጋ ሰውን ሁሉ «ኮምፓኜሮ» እና «ኮምፓኜራ» ማለት ጀምራ ነበር። እኛም ልጆች ብንሆን በዚያው ዘመን ከአገራችን «ጓድ» የሚለውን ቃል ይዘን ስለሄድን ቃሉ አልከበደንም። ልዩነቱን ያስተዋልኩት አድጌ ከተመለስኩ በኋላ ነው። በእኛ አገር ጓድ የሚለው ማዕረግ ሲመጣ ግሱ አልተለወጠም፤ ጓድ ሊቀ መንበር ተብሎ «እሳቸው አሉ፣ እሳቸው መጡ» እየተባለ ቀጠለ። በኩባ ግን ማዕረጉም አነጋገሩም አብሮ ነው የተለወጠው። ሕዝቡ መሪውን ፊዴል እያለ በስሙ ብቻ ይጠራ ነበር፤ የመምህራችንም መጠሪያ «ፕሮፌ» ብቻ ነበር። ዳቦ ልትገዛ የሄድክባት የማታውቃት ሴት «ሚ አሞር፣ ምን ልስጥህ?» ትልሃለች፤ ፍቅሬ ማለቷ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ መጀመሪያ ስሰማው ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ ሌላ ሰው ፈለግኩ። ሆኖም እዚያም ቢሆን ሽማግሌ ኡስቴድ መባሉ አልቀረም።

አሁን ወደ ማድሪዷ ልጄ ልምጣ። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፦ እናትሽን ምን ብለሽ ትጠሪያታለሽ? ደግሞስ ጸሎት ስታደርጊ? «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር፣ ስምህ ይቀደስ» ነው የምንለው፤ ስምዎ ይቀደስ አንልም። እነሱም በ«ፓድሬ ኑዌስትሮ» የሚሉት በቱ ነው፤ እመቤታችንንም «ዲዮስ ቴ ሳልቤ፣ ማሪያ» ሲሉ በአንቺ ነው። በሁለቱም ቋንቋ ከሁሉ በላይ የሚከበረው አንተ ነው የሚባለው። ስለዚህ አንቺ ማለት ከክብር መውረድ ነው ብለሽ ከያዝሽው ሐሳብ ትንሽ ላላ በዪ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጋሼ፣ የጸሎቱን ነገር ስላነሡልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በዕድሜዬ ሙሉ ስለው ኖሬ አስቤው አላውቅም ነበር።

እኔ የምኖረው በዋሺንግተን አካባቢ ነው። እንደምታውቁት እዚህ አበሻውና የኤል ሳልባዶር ሰው በአንድ ሰፈር፣ በአንድ መኪና ማቆሚያ፣ በአንድ የምግብ ቤት ጓዳ አብረው ነው የሚሠሩት። እናም የማድሪድን ደንብ ይዛችሁ ወደ መካከለኛው አሜሪካ ሰው እንዳትሄዱ አደራ እላለሁ፤ እኔ ሄጄ ተሳስቻለሁ። የተማርኩት ከስፔን በተዘጋጀ ትምህርት ሲሆን፣ ትምህርቱ «ዛሬ ሁሉም ሰው ቱ ነው የሚባባለው» ይል ነበር። የሥራ ባልደረባዬ እናት ከኤል ሳልባዶር፣ ከሳን ሚጌል ሊጠይቁት መጥተው ቤቱ ጠራኝና፣ ገብቼ «ኦላ፣ ኮሞ ኤስታስ?»፣ በቱ ሰላም፣ እንዴት ነሽ አልኳቸው። እጃቸውን ሰጡኝ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ሲሸኘኝ ደረጃው ላይ «እናቴን ኡስቴድ ነው የሚባለው፤ እኔ ልጃቸው እንኳ ኡስቴድ ነው የምላቸው» አለኝ። ልክ በገጠር እናቱን አንቱ እንደሚል ልጅ ማለት ነው። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሼ ሄጄ «ዲስኩልፔ፣ ዶኛ» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ያን ጊዜ ፑፑሳ የሚሉትን የአገራቸውን ቂጣ ጋግረው አቀረቡልኝ።

እነሱ ዘንድ ከቱ ይልቅ የቅርብ ሰው የሚባባለው «ቦስ» ነው። ከዚያ ባልደረባዬ ጋር ሁለት ዓመት ያህል ኡስቴድ ስንባባል ቆየን። አንድ ሌሊት ዕቃ እያጠብን ሳለ «ኬሬስ ካፌ?» አለኝ። ኡስቴድ ቢለኝ «ኪዬሬ» ነበር የሚለው፣ ቱ ቢለኝ «ኪዬሬስ»፤ እሱ ግን «ኬሬስ» አለ፤ የቦስ ግስ ነው። ቡናውን እየጠጣሁ ስለ አንዲት ድምፅ ሳስብ ነበር ያነጋሁት። ማንም ወዳጄ ነህ አላለኝም፤ ግሱ ነገረኝ።

ሰላምታቸውም ከስፔኑ ይልቅ ወደ እኛ የቀረበ ነው። ጠዋት ሲገናኙ «ኮሞ አማኔሲዮ?» ይላሉ፤ ቃል በቃል «እንዴት ነጋልዎ» ነው፤ ከ«እንዴት አደሩ» በምን ይለያል? መልሱም «ግራሲያስ አ ዲዮስ፣ ቢዬን» ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና። ስለ ነገ ሲያወሩ «ፕሪሜሮ ዲዮስ» ሳይሉ አያልፉም፤ እኛ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» እንደምንለው ነው። ምግብ የሚበላ ሰው አጠገብ ሲያልፉም «ብዌን ፕሮቤቾ»፣ መልካም ምግብ ይላሉ፤ አለማለት ነውር ነው።

ከቢልባኦ፦

ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል፤ እኔ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። የሰው አገር ቋንቋ መናገር ማለት አስተዳደግን መተው ማለት አይደለም። እኔ እዚህ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ ትልቅ ሰው ቱ ብዬ አላውቅም፤ ቅር ያለው ሰው ሲያጋጥመኝ «በአገሬ እንዲህ ነው የሚባለው» ብዬ እነግረዋለሁ፤ አብዛኛው ሰው ይረዳኛል፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። እህታችን እንግዳ መሆኗን እኚህ እናት ያውቃሉ። ስለ ምን እሷ ብቻ ትለወጣለች? ቱ መባባል አሁን የተስፋፋ ነገር ነው፤ የስፓኒሽ የቆየ ጨዋነት ኡስቴድ ነበር፤ እኛ ይህን የቆየውን ብንጠብቅ ምን ጥፋት አለው?

አስተርጓሚው፦

ወንድሜ፣ ሐሳብዎ ክብደት አለው፤ ነገር ግን «የቆየው ጨዋነት ኡስቴድ ነበር» በሚለው ላይ ታሪኩ አይደግፍዎትም። ከኡስቴድ በፊት የአክብሮቱ ቃል ቦስ ነበር፤ ያ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድማችን ዕቃ እያጠበ የሰማው ቦስ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን ለመኳንንት የሚነገር ነበር። ሰው ሁሉ ሲጠቀምበት ክብሩ ረከሰ፤ ሰው ለመኳንንቱ «ብዌስትራ ሜርሴድ» የሚል አዲስ ቃል ፈለገ፤ እሱ ደግሞ ወደ ኡስቴድ አጠረ። ቦስ ከስፔን ጨርሶ ጠፋ። በአሜሪካ ምድር የንጉሡ እንደራሴዎች የተቀመጡባቸውና ከቤተ መንግሥቱ ጋር የቅርብ ግንኙነት የነበራቸው ሜክሲኮና ሊማ የስፔንን ፋሽን ተከትለው ቱን ያዙ፤ ከዚያ የራቁት የላ ፕላታ ወንዝ አገሮች (አርጀንቲናና ኡራጓይ) እና መካከለኛው አሜሪካ ግን ቦስን እንደያዙ ቀሩ፤ ግን ለክብር ሳይሆን ለቅርብ ሰው። ዛሬ በቦነስ አይረስ ሁሉም ሰው «ቦስ ሶስ፣ ቦስ ቴኔስ» ይላል። እናም «የቆየውን» እንጠብቅ ካሉ፣ የትኛውን ዘመን እንደሚጠብቁ መምረጥ ይኖርብዎታል።

አገር ለአገርም ይለያያል። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ኡስቴድ የርቀት ቃል ብቻ አይደለም፤ ወንድማማቾች፣ ጓደኛሞች፣ ባልና ሚስትም ይባባሉታል። እዚያው አጠገብ በቦያካ ደግሞ «ሱሜርሴ» የሚል አለ፤ «ሱ ሜርሴድ» ከሚለው የመጣ ነው፤ እናት ለልጇ፣ ባለሱቅ ለገበያተኛ በፍቅር ይናገሩታል። በኮስታ ሪካ ሕፃኑንም ውሻውንም ኡስቴድ የሚል ሰው ብዙ ነው። ታዲያ በአንዱ አገር የፍቅር ቃል የሆነ በሌላው የግንብ አጥር ከሆነ፣ ሰውን የሚያከብረው ቃሉ ሳይሆን ሰሚው ከቃሉ የሚረዳው ነገር ነው።

አንዲት ድምፅ ምን ያህል እንደምትመዝን በ2007 እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር በሳንቲያጎ ዴ ቺሌ በተደረገው የኢቤሮ አሜሪካ መሪዎች ጉባኤ ታይቷል። የስፔን ንጉሥ ኹዋን ካርሎስ የቬኔዙዌላውን ፕሬዚዳንት ሁጎ ቻቬዝን «ፖር ኬ ኖ ቴ ካያስ?» አሏቸው። «ለምን ዝም አትልም?» ማለት ነው፤ በኡስቴድ ቢሆን «ፖር ኬ ኖ ሴ ካያ?»፣ «ለምን ዝም አይሉም?» ይሆን ነበር። ለእኔ ከቁጣው ይበልጥ የሚከብደው ያ «ቴ» ነው። በጓደኛ መካከል የቅርበት ቃል የሆነው ቱ፣ ፈቃድ ሳይጠየቅ በአደባባይ በአንድ የአገር መሪ ላይ ሲወርድ መልኩ ይለወጣል። ነርሷ እህታችን «ፈቃዱን የሚሰጠው ሰው» ያለችው እዚህ ላይ ነው የሚገባው።

እግረ መንገዴን ስለ ብዙ ቁጥር አንድ ቃል ልበል። በስፔን ለቅርብ ሰዎች «ቦሶትሮስ»፣ ለማያውቋቸው «ኡስቴዴስ» ይባላል፤ በላቲን አሜሪካ፣ በካናሪያስ ደሴቶችና በምዕራብ አንዳሉሲያ ግን ለሁሉም ኡስቴዴስ ነው። ይህ ለእኛ አይከብደንም፤ እኛም ሕፃናትንም ሽማግሌዎችንም ሰብስበን «እናንተ» እንላለንና።

ማድሪድ ነዋሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ጥያቄዎን ልመልስ፦ እናቴን አንቺ ነው የምላት፤ አያቴን ግን እርስዎ ነበር የምላቸው። ከጻፉልኝ ጀምሮ በዚህ ላይ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። እኚህ እናት በየማታው በሬድዮ የመቁጠሪያ ጸሎት ይከታተላሉ፤ ሃምሳ ጊዜ «ዲዮስ ቴ ሳልቤ፣ ማሪያ» ሲሉ በየማታው እሰማለሁ፤ «ቴ» የምትለውን ግን እስከ ትናንት ወዲያ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ትናንት ጠዋት መጋረጃውን ስከፍትላቸው ሁልጊዜ «ኮሞ አ ዶርሚዶ?» የምለውን ትቼ «ኮሞ አስ ዶርሚዶ?» አልኩ። የሰው ጆሮ የማይለያት የምትመስል አንዲት «ስ» ናት፤ እንዴት አደሩ ወደ እንዴት አደርሽ የተለወጠባት። ድምፄ ተንቀጥቅጧል። እሳቸው መነጽራቸውን እየፈለጉ ሳለ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው «ቢዬን፣ ኢኻ። ኢ ቱ?» አሉኝ። ኢኻ ማለት ልጄ ማለት ነው። እስከ ትናንት ድረስ በስሜ ብቻ ነበር የሚጠሩኝ።

የቢልባኦው ወንድሜ እንዳይቀየመኝ፤ አሁንም በአማርኛ ስለ እሳቸው ስጽፍ እሳቸው እያልኩ ነው፤ ያም የሚለወጥ አይመስለኝም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ወንድ ልጃቸው 50 ዓመት ይሆናቸዋል፤ ደመወዜን የሚከፍሉኝ እሳቸው ናቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኔን ቱ ይሉኛል፤ እኔ ኡስቴድ እላቸዋለሁ፤ እንዲህ ሲባሉም ምንም አይሉም። ይህስ እንዴት ይታያል?

ነርሷ ከባሌንሲያ፦

እህቴ፣ ይህ ከእናትየው ጉዳይ የተለየ ነው፤ ከሁሉ በላይ ልታስቢበት የሚገባሽም ይህኛው ነው። በዚህ አገር ቱ የሚያምረው ከሁለቱም ወገን ሲሆን ነው፤ ኡስቴድም እንዲሁ። አንዱ ቱ እያለ ሌላው ኡስቴድ የሚልበት ግንኙነት በዱሮ ጊዜ የጌታና የገረድ አነጋገር ነበር፤ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሴቶች ለረጅም ዘመን እንደዚያ ነው የኖሩት። ሰውየው ይህን አስበው ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ስፔናዊ ቱ ሲል በእኩልነት መንፈስ ነው፤ አንቺም መልሰሽ ቱ ትያለሽ ብሎ ይጠብቃል፤ ኡስቴድ ስትያቸው ዝም ያሉትም የአንቺ ምርጫ መስሏቸው ይሆናል። ስለዚህ መጠየቅ ይሻላል። «ኖስ ቱቴያሞስ?» በያቸው፤ አንቺ አንተ እንባባል ወይ ማለት ነው። እሺ ካሉ ከሁለት ወገን ይሆናል። ኡስቴድ ይሻለኛል ካሉሽ ደግሞ እሳቸውም አንቺን ኡስቴድ እንዲሉሽ መጠበቅ መብትሽ ነው።

የኩባው ተማሪ፦

ልክ ነሽ ልጄ። እኔም የምጨምረው የለኝም፤ ብቻ ስትጠይቂያቸው ቆመሽ ሳይሆን ተቀምጠሽ ጠይቂያቸው።

ማድሪድ ነዋሪ፦

እሺ ጋሼ። እሑድ ለምሳ ይመጣሉ፤ ቡናው ሲቀርብ ከእናታቸው አጠገብ ተቀምጬ እጠይቃቸዋለሁ።